የአንገት እጢ በመርፌ ተወግቶ ሲጠቁር

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንገቷ ላይ፣ ከመንጋጋዋ በታች በቀኝ በኩል እጢ ወጣባት። አሁን ሦስት ሆነዋል። ሐኪሙ የእጢ ቲቢ ሊሆን ይችላል ብሎ ኤፍኤንኤ (በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ) አዘዘላት። ባለፈው ሐሙስ በመርፌ ወሰዱላትና ጥጥ አስይዘው ላኩን። ማታ ስላመማት አክስቴ በቅቤ አሸቻት። አርብ ጠዋት ሎሚ የሚያክል ነገር አብጦ፣ ቆዳዋ ጠቁሮ አገኘነው። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። እብጠቱ ቀንሷል፣ ጥቁረቱ ግን ወደ ደረቷ ወርዷል። ውጤቱ ደግሞ ‹ደም ብቻ ነው፣ ይደገም› ይላል። እሷ ሁለተኛ አልወጋም ብላለች። ጎረቤቶቻችን እጢ በመርፌ ከተነካ ደም አፍስሶ ይገድላል፣ ካልሆነም ካንሰር ይሆናል ይሏታል። ለግፊቷ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ከሁለት ዓመት በፊት ቀለል ያለ ስትሮክ ስለነበረባት አስፕሪን 81 ትወስዳለች። ለእጢው ህመም ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝተንላት ነበር። አስፕሪኑን አቁማ ትወጋ? ወይስ ይቅርባት?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልንገርሽ። እናትሽ ይወጉ። አስፕሪኑን አታስቁሚያቸው። ዳይክሎፌናኩን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ቅቤውም ይቅር። አሁን ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ምክንያቱን ካላወቁ እሳቸውም እሺ አይሉሽም።

እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ። ሥራዬ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ የምወጋውም እኔው ነኝ። አንገቱን ይዞ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «ደም አይፈሰኝም?» እኔ ደግሞ በሆዴ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ደሙ ታካሚውን ሳይሆን ናሙናዬን እንዳያበላሽብኝ ነው የምፈራው። የእናትሽ ውጤት «ደም ብቻ» የሚለው ለዚህ ነው። በመስታወቱ ላይ የእጢው ሴሎች መታየት ሲገባቸው በቀይ የደም ሴል ተሸፍነዋል። ናሙናውን ያየው ባለሙያ ምንም ማለት አልቻለም። ይህ ውጤት «ነጻ ናቸው» ማለት አይደለም፣ «በሽታ አለባቸው» ማለትም አይደለም። ገና አልታየም ማለት ነው።

ስለ መርፌው እንነጋገር። ኤፍኤንኤ የሚሠራበት መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ከ21 እስከ 25 ጌጅ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። 21 የሚባለው 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። 23 ደግሞ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 25 ግማሽ ሚሊ ሜትር። ላቦራቶሪ ሄደው ከክንዳቸው ደም ሲቀዱ የሚገባው መርፌ ብዙ ጊዜ 21 ነው። እናትሽ ለስኳር ወይ ለኮሌስትሮል ደም ሰጥተው ያውቃሉ አይደል? አንገታቸውን የነካው መርፌ ከዚያ አይበልጥም፤ ምናልባትም ያንሳል። ልዩነቱ ክንድ ላይ መርፌው አንዴ ገብቶ ይወጣል። እጢ ላይ ግን ሴል እንዲለቅ ከውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እናንቀሳቅሰዋለን። ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስት ቦታ እንወጋለን።

ኮር ባዮፕሲ የሚባለው ሌላ ነው። እሱ ወፍራም ነው፤ አንገት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 18 ወይም 16 ጌጅ ነው፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ክር የመሰለ ቁራጭ ሥጋ ቆርጦ ያወጣል። የመድማት ዕድሉ ከኤፍኤንኤ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በአልትራሳውንድ እየታየ ይሠራል። እናትሽ የተሠራላቸው ይህ አይደለም።

ታዲያ በዚህ ቀጭን መርፌ ሎሚ የሚያክል እብጠት ከየት መጣ?

በከፊል ከእጢው ነው። ኢንፌክሽን ያለበት እጢ እንደ ጤነኛ እጢ አይደለም። ሰውነት በሽታውን ለመዋጋት ወደዚያ ብዙ ደም ይልካል። ትንንሽ የደም ቧንቧዎች ይሰፋሉ፣ አዳዲስም ይበቅላሉ። ግድግዳቸው ስስ ነው። ቀልቶ የሚያቃጥል፣ በተራ ባክቴሪያ የተመረዘ እጢ በተለይ ሲነካ ይደማል። ቲቢ ትንሽ ይለያል። የቲቢ እጢ ሲቆይ መሃሉ ይሞትና ልክ እንደ አይብ ይሆናል፤ አንዳንዴም ወደ መግል ይቀየራል። እዚያ መሃል ላይ የደም ቧንቧ የለም። መርፌው እዚያ ሲገባ ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ይወጣል እንጂ ደም አይወጣም። እኛ ያንን ስናይ ደስ ይለናል። ዳር ዳሩ ግን በደም ቧንቧ የተሞላ ነው። መርፌው ዳር ላይ ከቀረ ሲሪንጁ በደም ይሞላል። የእናትሽ እጢ ቲቢ ከሆነ፣ ሐሙስ ዕለት መርፌው ያገኘው ያንን ዳር ሊሆን ይችላል።

የቀረው ግን ከእጢው አይደለም። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሦስት ነገር ጽፈሽልኛል፣ ሦስቱም ደም የሚያስቋጥሩ ናቸው።

አንደኛው ዳይክሎፌናክ ነው። አስፕሪን ብቻውን ለዚህ ዓይነት መርፌ ችግር አይደለም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲደረቡበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱም ፕሌትሌት የሚባሉትን ደም የሚያረጉ ሴሎች ያደክማሉ። ለጨጓራም አይበጅም። ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ እሳቸው ደግሞ የግፊት ታካሚ ናቸው። እኛ ጋ ዳይክሎፌናክ እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው። ታካሚው «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲባል እሱን አይጠራውም፤ ማስታገሻን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውማ። በደሙ ላይ ያለው ውጤት ካቆሙት በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃቸዋል።

ሁለተኛው «ጥጥ አስይዘው ላኩን» ያልሽው ነው። ይህ የኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው። ወረፋው ረጅም ሲሆን ጥጥ እናስይዝና «ቀጣይ!» እንላለን። ታካሚው በሩ ላይ ሲደርስ ጥጡን ይጥለዋል። መጫን ያለበት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ነው፤ አስፕሪን ለሚወስድ ሰው አሥር ደቂቃ። ሰዓት እየታየ። እየገለጡ «ቆመ እንዴ?» ማለት የለም፤ በገለጥሽው ቁጥር መርጋት የጀመረውን ደም ታስነሺዋለሽ።

ሦስተኛው ቅቤው ነው። አክስትሽ በቅን ልብ ነው ያሹት፣ አትውቀሺያቸው። ግን ማታ ላይ የደሙ ቀዳዳ በስሱ በረጋ ደም ተደፍኖ ነበር። መታሸቱ ያንን የረጋ ደም ነቀለው። ሙቀቱም የደም ቧንቧዎቹን ከፈታቸው። እብጠቱ ጠዋት የታየው ለዚህ ይመስለኛል። መርፌ በወጋው በመጀመሪያው ቀን መታሸት፣ በሙቅ ውሃ መተኮስ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት አያስፈልግም። የሚጠቅመው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ነው፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እያረፉ። የቡና ዱቄት የሚነሰንሱም አሉ። የመርፌ ቀዳዳ ላይ ቡና ምን ይሠራል? ደሙ ያለው ከቆዳ ሥር ነው፤ ዱቄቱ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር ምንም አያደርግ።

ወደ ደረት የወረደው ጥቁረት እንዳያስፈራችሁ። አዲስ ደም አይደለም። ሐሙስ የፈሰሰው ደም ከቆዳው ሥር ሆኖ በክብደቱ ወደ ታች ሲወርድ ነው። አንገት ላይ የተመታ ሰው ከቀናት በኋላ ደረቱ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀለሙ ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ እየዞረ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። እብጠቱ እየቀነሰ ጥቁረቱ ከተስፋፋ ነገሩ በጥሩ መንገድ ላይ ነው። የሚያሳስበው የተገላቢጦሹ ነው፤ እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልንገርሽ፤ አንገት ቀልድ አይደለም። ክንድ ላይ ደም ቢቋጥር ያማል እንጂ አይገድልም። አንገት ውስጥ ግን የመተንፈሻ ቧንቧ አለ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ አለ፣ ቦታውም ጠባብ ነው። በቀጭን መርፌ ይህን ያህል የሚደማ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ቢሆንም ምልክቱን የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቀው። እብጠቱ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ካደገ፣ አንገቱ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሲተነፍሱ ድምፅ ከተሰማ፣ ድምፃቸው በድንገት ከሻከረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ጋደም ማለት ካልቻሉ፣ ያን ጊዜ «ነገ እናያለን» የለም። ቀጥ ብሎ ድንገተኛ ክፍል ነው። አምቡላንስ ሲጠበቅም እብጠቱን በመዳፍ ተጫኑላቸው፤ ትንፋሻቸውን እስኪያፍን ግን አይደለም። ከውጭ የሚንጠባጠብ ደም ደግሞ ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ ተጭነውት ካልቆመ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። በመድማት በኩል የሚያስፈራው የመጀመሪያው ቀን ነው። እናትሽ አምስተኛ ቀናቸው ነው፣ እብጠቱም ቀንሷል። ያንን ወንዝ ተሻግረዋል። ከአሁን በኋላ የምትጠብቂው ኢንፌክሽንን ነው፤ የቋጠረው ደም ቢያመረቅዝ ትኩሳት ይመጣል፣ ቦታው ቀልቶ ይሞቃል፣ እንደገና ያብጣል።

እኛም ከመውጋታችን በፊት የምናጣራው አለ። እጢ የመሰለ ሁሉ እጢ አይደለም። ጣታችንን አስቀምጠን ይመታል ወይ ብለን እናያለን። መንጋጋ ሥር፣ ትልቁ ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ የሚወጣ ካሮቲድ ቦዲ ቱመር የሚባል እብጠት አለ። በደም የተሞላ ነው፤ ሳያውቁ ከወጉት ይደማል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ይበዛል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አትርሺ። ስለዚህ ሲዳሰስ የሚመታ፣ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች የማይነቃነቅ እብጠት ካለ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው። የእናትሽ ሦስት መሆናቸው ወደ እጢ ያደላል፤ ቢሆንም የሚወጋው ሰው ዳስሶ ያረጋግጥ።

በእውነት ለመድማት የሚያሰጋው ሰው ማን ነው? መርፌው ሳይሆን የሰውየው ደም ነው የሚወስነው። ጥርስ ሲነቀል ቀኑን ሙሉ የደማ፣ በትንሹም በትልቁም የሚነስረው፣ ድዱ የሚደማ፣ ምንም ሳይነካው ቆዳው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወይም ብልዝ የሚወጣበት፣ የወር አበባዋ ከልክ ያለፈባት ሴት። ጉበቱ የተጎዳ ሰው። ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ ወርዶ በካላዛር የተያዘ ሰው፤ ካላዛር ስፕሊንን (ጣፊያን) ያሳብጣል፣ ፕሌትሌትን ያወርዳል፣ እጢም ያበቅላል። የደም ካንሰርም አንገት ላይ እጢ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ካለ መጀመሪያ የደም ቆጠራ ይሠራል። ምልክት ከሌለ ግን ለሁሉም ሰው የደም መርጋት ምርመራ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካ የኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስቶች (በምስል እየታገዙ በመርፌ የሚሠሩ ሐኪሞች) ማኅበር መመሪያ ከቆዳ ሥር ቅርብ የሆነ ናሙናን ዝቅተኛ ስጋት ካላቸው ሥራዎች መድቦታል፤ አስፕሪንም፣ እንደ እሱ ፕሌትሌትን የሚያደክመው ክሎፒዶግሬልም እንዳይቆሙ ይላል። ፕሌትሌትም ከ20,000 በላይ ከሆነ ይበቃል ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ጤነኛ ሰው ከ150,000 በላይ አለው። ክፍተቱን ተመልከቺ።

የእናትሽ አስፕሪን ያልተቆመው ለዚህ ነው። ደግሞ አስፕሪን ዛሬ ቢቆም ነገ አይጠፋም፤ ውጤቱ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይቆያል። ስትሮክ የነበረበትን ሰው ለአንድ ቀጭን መርፌ ብሎ አሥር ቀን ያለ መድኃኒት ማስቀመጥ ትልቁን አደጋ ለትንሹ መለወጥ ነው። አንገት ላይ የቋጠረ ደም ይመጠጣል፣ የሞተ የአንጎል ክፍል ግን አይመለስም።

ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢዎች ስላሉ ለእነሱም አንድ ነገር ልበል። አገራችን ውስጥ በሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት ገና በወጣትነታቸው ዋርፋሪን የጀመሩ ብዙ ናቸው። እነሱ ከመወጋታቸው በፊት አይ ኤን አር የሚባለውን የደም መርጋት መለኪያ ይሠሩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ደሙ ቶሎ አይረጋም። 3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ይወጋል። የሚያዘናጋው ነገር ሌላ ነው። አንገቱ ላይ እጢ ሲወጣ ሰው ወደ ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ ይጀምራል። ኮትራይሞክሳዞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የዋርፋሪንን ጉልበት ከፍ ያደርጋሉ። ከወር በፊት 2.5 የነበረው አይ ኤን አር በሳምንት ውስጥ 5 እና 6 ሊገባ ይችላል። ያ ሰው «የወር በፊቱ ውጤቴ ጥሩ ነው» ብሎ ይመጣና ይወጋል። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ አይ ኤን አሩ የዚያው ሰሞን መሆን አለበት። ዋርፋሪኑን ግን ማንም በራሱ እንዳያቆም፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ደም ከረጋ መዘዙ ከባድ ነው።

ስለ ጎረቤቶቻችሁም ልመልስ። «በመርፌ ከተነካ ካንሰር ይሆናል» የሚለውን በየቀኑ እሰማለሁ። ለምን እንደሚባል ይገባኛል። ሰው እጢውን ዓመት ሙሉ ይዞ ይቆያል፣ ጸበሉንም የባህል መድኃኒቱንም ይሞክራል። መጨረሻ ላይ መርፌ ይወጋና ካንሰር ይባላል፣ ከወራት በኋላም ያርፋል። ሰፈሩ የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። መርፌው ግን የነበረውን አሳየ እንጂ ያልነበረ አላመጣም። ቀጭን መርፌ በመንገዱ ላይ ሴል ጥሎ ካንሰር መዝራቱ እጅግ ብርቅ ነው። ከዚያ ይልቅ እጢውን በምላጭ ማስበጣት ወይም በእሳት ማስተኮስ ነው የሚያስፈራኝ። የቲቢ እጢ ሲበጣ አልድን ብሎ ለወራት የሚያዥ ቁስል ይሆናል። እኛ በመርፌ ስንወጋ እንኳ፣ መግል የያዘ እጢ ከሆነ ቆዳው በሳሳበት ቦታ ላይ ሳይሆን ከጎን፣ በጤነኛው ቆዳ በኩል የምንገባው ይህን ለመከላከል ነው።

«ይቅርባት» ለሚለው ጥያቄሽ ግን ጠንከር ብዬ እመልሳለሁ። አይቅር። እናትሽ 58 ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ሁለት ወር የቆየ፣ እየበዛ የሚሄድ የአንገት እጢ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ሊምፎማ (የራሱ የእጢው ካንሰር) ወይም ከጉሮሮ የመጣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሳይታይ በግምት የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ማስጀመር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ቲቢ ካልሆነ ስድስት ወር ጠፋ። ቲቢ ሆኖ መድኃኒት የተላመደ ዓይነት ከሆነም እንዲሁ ጠፋ። ከእጢ የሚወጣውን ናሙና በጂን ኤክስፐርት መመርመርን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይመክራል። ማሽኑ ቲቢ መኖሩንም፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ መሆኑንም ይናገራል። የሚፈልገው ጥቂት ጠብታ ነው፣ ደም ብቻ ሲሆን ግን እሱም አይመቸውም።

ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ የምትጠይቁትን ልንገርሽ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ያበጠውን ቦታ አይንኩት። ሌሎች ሁለት እጢዎች አሉ አይደል? ከእነሱ አንዱ ይወጋ። እንዲህ ከሆነ ሳምንታት መጠበቅም አያስፈልግም። ቀጭኑን፣ 25ቱን መርፌ ይጠቀሙ። ሲሪንጅ ሳይስቡ፣ መርፌውን ብቻ አስገብቶ ሴሉ በራሱ እንዲገባ የማድረግ ዘዴ አለ፤ ለሚደማ እጢ ከመሳብ ይሻላል። መርፌው ጫፍ ላይ ደም ሲታይ ወዲያው ይወጣ፣ ተጭኖ ይቆይ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ይሞከር። አልትራሳውንድ ካለ እሱን እያዩ ቢወጉ አይብ የመሰለው መሃል ይገኛል። የወጣው ነገር ግማሹ ለመስታወቱ፣ ግማሹ ለጂን ኤክስፐርት ይሁን። ሁለተኛውም ካልተሳካ ወደ ኮር ባዮፕሲ ወይም አንዱን እጢ ሙሉውን አውጥቶ ወደማየት ይኬዳል።

የዚያን ዕለት ጠዋት የግፊት መድኃኒታቸውን ሳይዘሉ ይውሰዱ። ደንግጠው ግፊታቸው ሰማይ ከነካ ያኔም ይደማል። ቁርስ ይብሉ፣ በባዶ ሆድ መሄድ አያስፈልግም። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ ዳይክሎፌናኩንም ጨምረሽ። ካለቀ በኋላ አንቺ ራስሽ ጫኝላቸው፣ አሥር ደቂቃ፣ ስልክሽ ላይ ሰዓት ሞልተሽ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀመጡና አንገታቸውን አይተሽ ሂዱ።

ውጤቱ ቲቢ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ለሐኪማቸው አስታውሺ። ሪፋምፒሲን አምሎዲፒንን በጉበት ቶሎ ያስወግደዋል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ግፊታቸው ሊጨምር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግፊታቸው ቶሎ ቶሎ ይለካ። እጢዎቹም ሕክምናው ተጀምሮ እያለ ትንሽ ሊያብጡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ከጎረቤት በፊት ለእኛ ደውሉ።